መልስ፦ በቤት ደንበኝነት የሚታይ ፊልም ለአዳራሽ ይሆናል ወይ?

እንደ ኔትፍሊክስ ላለ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት በወር በምትከፍለው ደንበኝነት አንድ ዘጋቢ ፊልም በአዳራሽ ለ60 ሰዎች በነፃ ማሳየት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። በመሠረቱ አትችልም። መግቢያ አለማስከፈልህ ነገሩን አይለውጠውም፤ ደንበኝነቱ ለቤት ብቻ ነው፣ ለአዳራሽ የሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ያስፈልግሃል።

1. ከፊልሙ መጨረሻ የአከፋፋዩን ስም ፈልግ፤ ካጣኸው ለፊልሙ አዘጋጅ በቀጥታ ጻፍለት።
2. ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተመልካቹን ብዛትና መግቢያው ነፃ መሆኑን ግለጽ። ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚተመነው በእነዚህ ነው፤ ለአነስተኛ ማኅበር ቅናሽ መጠየቅም ነውር የለውም።

ፊልሙ የኔትፍሊክስ የራሱ ሥራ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኔትፍሊክስ ስለ ፊልሙ የሰጠውን ገለጻ አንብብ። ከእነዚህ ዘጋቢ ፊልሞች አንዳንዶቹን ያለ ትርፍ ለትምህርት ማሳየት ይፈቀዳል፤ በዝግጅቱ ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ ግን አይቻልም።

ከደረሰብኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ከቤታቸው ስለተፈናቀሉ ሰዎች የሚያወሳ ፊልም አሳይተን፣ እንዳለቀ መብራቱን አበራንና ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡ ድምፅ ማጉያውን አዞርን። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ነበር። ማንም አልተናገረም። ስለዚህ የፊልሙ ሠራተኞች ስም ዝርዝር አልፎ እስኪያልቅ መብራቱን አታብራ፤ ከዚያም ሰዎቹ አጠገባቸው ካለው ሰው ጋር አምስት ደቂቃ ይነጋገሩ። ድምፅ ማጉያው ከዚያ በኋላ ይድረስ።