የሞባይል አንቴና በትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ፦ ልጄን ላስወጣት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የምኖረው ለንደን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጣሪያውን ለሞባይል ኩባንያ ሊያከራይ እንደሆነና የአምስተኛው ትውልድ (ፋይቭ ጂ) አንቴና ሊተከልበት እንደታሰበ ከሌሎች ወላጆች ሰማሁ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ምንም አልነገረንም። ወላጆች «አንቴናው ካንሰር ያመጣል» የሚል የተቃውሞ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፤ ልጆቻቸውን እንደሚያስወጡ የተናገሩም አሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህንኑ አረጋግጧል ይባላል። ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ራሷን እንደሚያማት ትነግረኛለች፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ አንድ የቆየ አንቴና አለና ከእሱ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ልፈርም? ልጄንስ ላስወጣት?

መልስ፦ ልጅዎን አያስወጧት። ስለ ፊርማው የምሰጥዎ መልስ ግን ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ነገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

ከአንቴና የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ከራጅ በእጅጉ ይለያል። ራጅ የሕዋሳችንን ዲኤንኤ ለመበጠስ የሚያስችል ጉልበት ሲኖረው የሬዲዮ ሞገድ ይህ ጉልበት የለውም፤ መጠኑ በጣም ሲበዛ እንደሚያደርሰው የተረጋገጠው ጉዳት ሰውነትን ማሞቅ ነው። አዮናይዝ ከማያደርግ (ማለትም ዲኤንኤን ለመበጠስ ጉልበት ከሌለው) ጨረር ለመከላከል የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው ገደብ የተነሣው ከዚሁ ነው። የሰውነትን ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር የሚችለው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 4 ዋት ሲሆን፣ ለሕዝብ የተፈቀደው 0.08 ዋት፣ ማለትም የዚያ ሃምሳኛ እጅ ብቻ ነው። ሕፃናትና ሕሙማንም በዚሁ ቅናሽ ውስጥ ታስበዋል።

በመንገድና በግቢ ውስጥ የሚለካው መጠን ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። የብሪታኒያ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በ2020 በ10 ከተሞች በሚገኙ 16 የአምስተኛው ትውልድ ጣቢያዎች አጠገብ ባደረገው ልኬት ያገኘው ከፍተኛ መጠን ከገደቡ 1.5 በመቶ ገደማ ነበር፤ ይህም የቆዩት ኔትወርኮች ሞገድ ተደምሮበት ነው። በብሪታኒያ አምስተኛው ትውልድ በአብዛኛው የሚሠራበት ሞገድ ለዓመታት በየቤታችን ስንጠቀምበት ከኖርነው ዋይፋይ ብዙ የራቀ አይደለም።

ብዙ ወላጆችን የሚያስገርመው አንቴናው ሞገዱን የሚልክበት አቅጣጫ ነው። ሞገዱ በዋናነት የሚጓዘው ወደ ጎን፣ ጥቂት ወደ ታች አዘንብሎ ስለሆነ መሬት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ሜትር ከራቀ በኋላ ነው። ጣሪያ ላይ ባትሪ አብርቶ የቆመ ሰው ማዶውን እንጂ ከእግሩ ሥር ያለውን ክፍል አያበራም። ስለዚህ ልጅዎ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ከራሷ ትምህርት ቤት አንቴና ይልቅ ከማዶው አሮጌ አንቴና የበለጠ ሞገድ ሊደርሳት ይችላል፤ ሁለቱም ግን ከገደቡ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። በዚህ ላይ ስልክ ኔትወርክ ሲደክምበት ጣቢያውን ለመድረስ የራሱን ኃይል ይጨምራል። ማማው ከአካባቢው እንዲርቅ የታገለ ወላጅ ልጁ ጆሮ ላይ የሚለጠፈው ስልክ አብዝቶ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

ወደ ካንሰሩ ልምጣ። የወላጆች ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በስፔን ቫያዶሊድ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ ሕንፃ ላይ አንቴናዎች ተተክለው ሳለ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ በደም ካንሰር በመታመማቸው ፍርድ ቤት በ2001 አንቴናዎቹ ሥራ እንዲያቆሙ አዟል። በካሊፎርኒያ ሪፖን ከተማም አራት ተማሪዎች በካንሰር ከታመሙ በኋላ በወላጆች ግፊት በ2019 በትምህርት ቤቱ ግቢ የነበረው ማማ ሥራ አቁሟል። በሁለቱም ቦታ በባለሙያ የተደረገው ምርመራ ሕመሙን ከአንቴናው ጋር የሚያያይዝ ማስረጃ አላገኘም። በአንድ ትምህርት ቤት ሦስት አራት ሕፃናት ሲታመሙ ያየ ወላጅ ምክንያት መፈለጉ አያስገርምም፤ ነገር ግን በአንድ አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በአንዳንዶቹ ያለ ምንም የጋራ መንሥኤ ሕሙማን ተደራርበው መገኘታቸው አይቀርም። ለዚህ ነው አንድን ትምህርት ቤት ነጥሎ ከማየት ይልቅ አገሩን በሙሉ ማጥናት የሚሻለው።

ይህም ተደርጓል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት በመላ ብሪታኒያ በካንሰር የታመሙ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 1,397 ሕፃናትን ካልታመሙ 5,588 ሕፃናት ጋር አነጻጽረው እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ለማማ በነበራቸው ቅርበት ልዩነት አላገኙም። ጥናቱ የተመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ትምህርት ቤትን እንዳልሆነ አልደብቅዎትም። በ2024 ለዓለም የጤና ድርጅት ተብሎ የተሠራው ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማሠራጫዎች ወይም ከሞባይል ጣቢያዎች የሚወጣው ሞገድ የሕፃናትን የደም ካንሰርም ሆነ የአንጎል ዕጢ ከፍ ያደርጋል የሚያሰኝ ነገር አላገኘም።

«የዓለም የጤና ድርጅት አረጋግጧል» የሚባለው የመጣው የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ስላስቀመጠው ነው። ኤጀንሲው በዋናነት የተመለከተው ጆሮ ላይ የሚያዝ ስልክን ሲሆን፣ ምድቡም ማስረጃው ውሱን የሆነባቸው ነገሮች የሚገቡበት ነው፤ የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂ ሳይቀር በዚሁ ምድብ ይገኛል።

የልጅዎ ራስ ምታት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና በአንቴናው ወሬ ተሸፍኖ እንዳይቀር እለምንዎታለሁ። ከሞገድ እንታመማለን የሚሉ ሰዎች በ2007 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ አንቴናው መብራቱና መጥፋቱ ሳይነገራቸው ሲፈተኑ መለየት አልቻሉም፤ በርቷል ሲባሉ ግን ሕመም ተሰምቷቸዋል። ሕመማቸው ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ፍርሃት በራሱ ራስን ያሳምማል፤ ለዚህም ነው ወላጆች በልጆቻቸው ፊት «ይህ ነገር ሊገድላችሁ ነው» እያሉ ሲከራከሩ የምቆጣው። ልጅቷ በቂ እንቅልፍ ታገኝ እንደሆነ (በዕድሜዋ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልጋታል)፣ ቁርስ በልታና ውሃ ጠጥታ ትሄድ እንደሆነ፣ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኗን ታጨናብስ እንደሆነ ይመልከቱ። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የዓይን ምርመራ በብሪታኒያ በነጻ ነው። ራስ ምታቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ከሆነ፣ ዓይኗ ሁለት ሁለት ካየባት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ጠባይዋ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ ሳያራዝሙ በአስቸኳይ ሐኪም ያሳዩአት።

አሁን ወደ ፊርማው። በሰር ዊልያም ስቱዋርት የተመራው የብሪታኒያ የባለሙያዎች ቡድን በ2000 ባቀረበው ዘገባ ከገደቡ በታች የሆነ ሞገድ ጤና እንደማይጎዳ የማስረጃው ሚዛን ያሳያል ካለ በኋላ፣ ለጥንቃቄ ሲባል የአንቴናው ዋና ሞገድ ትምህርት ቤቱና ወላጆች ሳይስማሙ በትምህርት ቤት ግቢ ላይ ማረፍ የለበትም ሲል መክሯል። ስለዚህ እናንተን ሳይጠይቁ መስማማታቸው ስሕተት ነው፤ ቅሬታችሁም ተገቢ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ የግንባታ ዕቅድ መመሪያ መሠረት ኩባንያው ገደቡን እንደሚያከብር የሚገልጽ ማረጋገጫ ካቀረበ የአካባቢው ምክር ቤት በጤና ምክንያት ሊከለክለው አይችልም፤ ካንሰርን ብቻ የያዘ ፊርማ እዚያ ሲደርስ ይወድቃል። በ2020 በኮሮና ጊዜ «በሽታው የመጣው ከአምስተኛው ትውልድ ነው» የሚል አሉባልታ አምነው ማማ ያቃጠሉ ሰዎች በበርሚንግሃም ለጊዜያዊው የኮሮና ሆስፒታል የሚያገለግለውን ማማ ሳይቀር ማቃጠላቸውንም አስታውሳለሁ፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር መቆጠር ለእናንተ አይበጅም።

ወረቀቱ ማረጋገጫው ለወላጆች እንዲታይ፣ ዋናው ሞገድ የት እንደሚያርፍ በካርታ እንዲገለጽ፣ አንቴናው ከተተከለ በኋላ በግቢው ውስጥ ልኬት እንዲደረግና የኪራይ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል እንዲነገር የሚጠይቅ ከሆነ ያለ ማመንታት ይፈርሙ። አንድ ነገር ግን እንዲጨመርበት ያድርጉ። ገደቡ ሊታለፍ የሚችልበት ቦታ ከአንቴናው ፊት ለፊት ጥቂት ሜትር ላይ ስለሆነ የጣሪያው በር ሁልጊዜ መቆለፍ አለበት፤ ጣሪያ ላይ የወደቀ ኳስ ለማውረድ የሚወጣው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛም አስቀድሞ ለኩባንያው ሳይደውል መውጣት የለበትም።