በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ሲል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ68 ዓመት አባትሽ በራጅ የሳንባ ምች ተብለው አሞክሳሲሊን ጀምረዋል። ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃቸውም። ከሌላ ሰው የተረፈ አዚትሮማይሲን ስላለ ልጨምርላቸው ወይ ብለሻል። ደግሞ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሳይጣራ መድኃኒት መታዘዙ አሳስቦሻል። እኔ ሐኪም ነኝ፣ ለዓመታት የሠራሁትም የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቆረጥ አድርጌ ልጀምር። አዚትሮማይሲኑን አትስጫቸው። አባትሽን ግን ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው መልሰሽ ውሰጃቸው። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሐኪማቸውም ራሱ ሊጨምረው ይችላል። ግን የልብ ምትን የማዛባት ጠባይ አለው፣ በተለይ በዕድሜ በገፉና የልብ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ። ከሰው የተረፈ ኪኒን ደግሞ ሙሉ መጠን አይሆንም።

ባክቴሪያው ለምን አልተጣራም ላልሽው፣ ብዙ ቤተሰብ ይህን ይጠይቀኛል፣ ተገቢ ጥያቄም ነው። ራጅ ሳንባው ላይ ነጭ ጥላ ያሳያል እንጂ የተሕዋሲውን ስም አይናገርም። አክታ ይመርመር ቢባል፣ ግማሹ ሰው ደረቅ ሳል ነው ያለው፣ ሌላው የሚሰጠን ምራቅ ነው። ጥሩ አክታ ቢገኝ እንኳ የካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የመለየት፣ ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሁሉም ምርመራ ተደርጎም ብዙ ጊዜ ምንም ተሕዋሲ አይገኝም። እስከዚያ ታማሚው አይጠብቅም። ስለዚህ ከቤት ሆኖ ለሚታከም ሰው ሐኪሙ የሚጀምረው በብዛት ከሚገኘው ነው፣ እሱም ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ለእሱ አሞክሳሲሊን በበቂ መጠን ከተሰጠ ጥሩ መድኃኒት ነው። በነገራችን ላይ ባክቴሪያዎችን በቀለም የምንለይበት የግራም ዘዴ ራሱ በ1884 የተገኘው በሳንባ ምች በሞቱ ሰዎች የሳንባ ሥጋ ላይ ነው። ያኔም ጥያቄው ያንቺው ነበር፣ ይሄ ምንድን ነው የሚል።

ተኝቶ ለሚታከምና ሕመሙ ለጠናበት ግን ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያው መርፌ ሳይሰጥ በፊት ደም ለካልቸር ይወሰዳል፣ አክታውም ይመረመራል። አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ታዲያ ትኩሳቱ ለምን አልወረደም? አንዳንዴ ገና ስለሆነ ብቻ ነው። መድኃኒቱ እየሠራም ትኩሳት ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። እኔ ከቴርሞሜትሩ ይበልጥ የማየው ሰውየውን ነው። በልቷል? ትንፋሹ ቀለል ብሎታል? ከትናንት ዛሬ ይሻለዋል? መልሱ አዎ ከሆነ እጠብቃለሁ። እንደነበረ ከሆነ ወይም ከባሰበት ግን ሦስተኛው ቀን እንደገና ከዜሮ የማስብበት ቀን ነው።

አንዱ ምክንያት መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ መሆኑ ነው። ማይኮፕላዝማ የሚባለው የሕዋስ ግድግዳ የለውም። አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚሠራው ያንን ግድግዳ በማፍረስ ነው። ስለዚህ የሚያፈርሰው ነገር የለም። አንድ ወጣት አስታውሳለሁ፣ አሥር ቀን አሞክሳሲሊን ወስዶ ሳሉ አልተወው ብሎ በእግሩ እየሄደ መጣ፣ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ ሲጀምር ነው የተሻለው። ሌጅዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ በአሞክሳሲሊን አይድንም። እሱ የሚኖረው በውኃ መስመሮች ውስጥ ነው፣ በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ የነበሩ ሰዎችን ከጣለ በኋላ ነው የታወቀው፣ ሰውን በፍጥነት ያዳክማል፣ በሽንት ምርመራም ሊገኝ ይችላል። ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ የሚመጣው ስታፊሎኮከስም አለ፣ ሳንባን ይቦረቡራል። ስኳር ያለበትና መጠጥ የሚያበዛ ሰው ላይ ደግሞ ክሌብሲዬላ የሚባለውን ባክቴሪያ አስባለሁ። አባትሽ ስኳር አለባቸው? በቅርቡ ጉንፋን ይዟቸው ነበር? ይህን ሳትጠየቂም ለሐኪሙ ንገሪው።

ሌላው ምክንያት እኔን ራሴን ያስተማረኝ ነው። አንድ ታማሚ ነበረን፣ ሴፍትሪያክሶን በሚባለው የመርፌ አንቲባዮቲክ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። መድኃኒቱን ቀየርን። አሁንም አልወረደም፣ እንደገና ቀየርን። በመጨረሻ አንዲት ባልደረባዬ ጀርባውን በጣቷ ስትመታው አንዱ ጎን ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። በአልትራሳውንድ ስናየው በሳንባው ዙሪያ መግል ተቋጥሮ ነበር። ያ መግል በቱቦ ሲወጣ ትኩሳቱ በማግስቱ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ስለ መድኃኒት ስም ስንከራከር ጀርባውን የነካ ሰው አልነበረም፣ ያ እስካሁን ያመኛል። የተቋጠረ መግል በኪኒን አይደርቅም። ስለዚህ ስትሄዱ ሐኪሙ ጀርባቸውን በደንብ ያዳምጥ፣ ካስፈለገም ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይደገም።

ቲቢንም አትርሺ። ሳሉ ከጀመረ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነው፣ ክብደት ከቀነሱ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃቸው፣ አክታቸው ለቲቢ ይመርመር። ሊቮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሳይመረመሩ ከተጀመሩ ቲቢውን ለጊዜው ያስታግሱትና ምርመራውን ያዘገዩታል። ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ።

አሁን ሐኪም ጋ እስክትደርሱ የምታደርጊው አለ። ደረታቸው ሲነሳና ሲወርድ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ንግግራቸው ከተዘባረቀ ወይም ቀኑንና ቦታውን ከሳቱ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው ከ90 በታች ከወረደ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከ92 በታች ካሳየ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ ነገን አትጠብቂ። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግራ መጋባቱ ከትኩሳቱ ይልቅ ያስፈራኛል። ትኩሳት ጭራሽ ሳይኖራቸው፣ ድንገት የልጃቸውን ስም ረስተው ብቻ የመጡ እናት አክሜያለሁ፣ የሳንባ ምች ነበር።

የሕክምናው ርዝመት ብዙ ጊዜ ከ5 ቀን አያንስም፣ ማቆሚያውም ትኩሳቱ ጠፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲረጋጉ ነው። ስለተሻላቸው ብቻ መሃል ላይ አታስቁሚ። ራጁ ቶሎ ካልጠራ ደግሞ አትደንግጪ፣ በእሳቸው ዕድሜ ጥላው ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ራጁ መደገም አለበት፣ ምክንያቱም ከሳንባ ምቹ በስተጀርባ ዕጢ ተደብቆ ያገኘንበት ጊዜ አለ።

የትንፋሻቸውን ቁጥርና የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ እዚህ ጻፊልኝ፣ ስልኬን አልዘጋም።