ከቡድኑ ወጣ ማለት ከኮሌጁ ወጣ ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ነው። ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ኮሌጅ ገብቷል፤ ከክፍያው ከፊሉም በስፖርት ስኮላርሺፕ ይሸፈንለታል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ከቲሙ ወጥቻለሁ» አለን። ውድድሩ ገና መሐል ላይ ነው። እናቱ «ልጄን ከትምህርት አባረሩብኝ» ብላ እህል አልቀምስ አለች፤ ደሴ ያለንን የወላጆቻችንን ቤት ሸጠን እንክፈልለት ትላለች። አፈር ስሆን፣ አስረዱን። ልጁ ተባሯል? ገንዘቡስ ይቆማል?
አጎት፣ ከደሴ ሆጤ

መልስ፦ ቤቱ ይቆይ። ልጁ ከቡድኑ ወጣ እንጂ ከኮሌጁ ስለ መውጣቱ ደብዳቤዎ ውስጥ የሚጠቁም ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ ስፖርተኛ ተማሪ ሁለት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ አንዱ የሬጅስትራር፣ ሌላው የስፖርት ክፍሉ ነው። አሠልጣኝ መፋቅ የሚችለው ከሁለተኛው ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ክፍል ቢገባ የሚከለክለው የለም።

የገንዘቡ መልስ ግን «ወጥቻለሁ» ያላት ቃል ውስጥ ነው ያለው፤ ይህች ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ትሸፍናለችና። ራሱ ትቶት ከሆነ፣ ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር ደንብ ኮሌጁ በዓመቱ መሐል እንኳ ስኮላርሺፑን እንዲቀንስ ወይም እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። በላይኛው እርከን፣ በዲቪዚዮን 1፣ አሠልጣኙ «ውርወራህ ወርዷል፣ አትጠቅመኝም» ብሎ አስወጥቶት ከሆነ ግን ስኮላርሺፑ የተሰጠበት ጊዜ እስኪያልቅ አይነካም፤ ችሎታ አነሰው ተብሎ በመሐል መቁረጥ ክልክል ነው። ተጎድቶ ወይም ታሞ ከሆነም እንዲሁ። ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት፣ የሐሰት መረጃ መስጠት ወይም በትምህርት ብቁ አለመሆን ካለ ነገሩ ይለወጣል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ የምታስከፍለው ቃል «በፈቃዴ» የምትለዋ ናት። ከአሠልጣኝ ጋር በተጋጩበት ማታ በስልክ «ትቼዋለሁ» ብለው የሚልኩ ልጆች ያቺው መልእክት የመልቀቂያ ማስረጃ ሆና ልትያዝባቸው ትችላለች። ክርኑን እያመመው የነበረ ወርዋሪ ሕመሙን ሳይጠቅስ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብሎ ከፈረመ ደግሞ በጉዳት የሚያገኘውን ከለላ በገዛ እጁ ጣለው። ልጃችሁ እስካሁን ያልፈረመ ከሆነ አይቸኩል። የፈረመ ከሆነ ቅጂውን ይያዝ፤ የታመመበትን ቀንና ያየውን የቡድን ሐኪም ማስታወሻ ያያይዝበት።

ኮሌጁ ገንዘቡን ከቀነሰ ወይም ከሰረዘ በጽሑፍ ማሳወቅና ልጁ ቅሬታውን የማሰማት መብት እንዳለው መግለጽ ግዴታው ነው። ቅሬታውን የሚሰማው ኮሚቴ ከስፖርት ክፍሉ ውጭ መሆን አለበት። ደብዳቤው ላይ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደብ ይኖራል፤ ብዙዎች የሚሸነፉት ጉዳያቸው ደካማ ሆኖ ሳይሆን ያ ቀን ሲያልፍባቸው ነው።

ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጎድልም ከወዲሁ ማስላት ይቻላል። ቤዝቦል ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚታደልበት ስፖርት ሆኖ አያውቅም። በዲቪዚዮን 1 ለረጅም ዓመታት አንድ ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ሲሆን ይህንኑ እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ያከፋፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀውን ስምምነት የተቀበሉ ኮሌጆች ዘንድ ይህ ጣሪያ ተነሥቶ በምትኩ የተጫዋች ቁጥር በ34 ተወስኗል፤ ያም ሆኖ ከፊል ድጋፍ ማግኘቱ አልቀረም። ለምሳሌ የዓመቱ ክፍያ 30,000 ዶላር፣ የስፖርቱ ድርሻ ደግሞ 40 በመቶ ቢሆን፣ በዓመት 12,000፣ በሴሚስተር 6,000 ዶላር ነው አደጋ ላይ ያለው። በውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ ምክንያት ያገኘው ሌላ ድጋፍ፣ የመንግሥቱን የፔል ድጎማ ጨምሮ፣ ከቡድኑ ጋር አይገናኝም፤ አብሮት ይቀጥላል። ኮሌጁ ዲቪዚዮን 3 ከሆነ ደግሞ እዚያ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ስለሌለ የሚቆረጥ ገንዘብ የለም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ልጁ ቡድኑን ሲተው ትምህርቱንም አብሮ መተዉ ነው። የቤዝቦል ዘመን በየካቲት መጀመሪያ ተከፍቶ መደበኛው ጨዋታ ግንቦት ላይ ያልቃል፤ ሴሚስተሩም ከጥር እስከ ግንቦት መግቢያ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የወጣ ልጅ ትምህርቱን ለመጨረስ የሚቀረው የሳምንታት ዕድሜ ነው። ከ12 ክሬዲት በታች ከወረደ የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱን ያጣል። በሴሚስተሩ ቢያንስ 6 ክሬዲት ካላለፈ ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር የትም ዲቪዚዮን 1 ኮሌጅ ሄዶ መጫወት አይችልም። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ጨርሶ ያቋረጠ ተማሪ ከመንግሥት ያገኘው ድጋፍ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁ ገንዘቡን ለመንግሥት መልሶ ዕዳውን በተማሪው ስም ይጽፈዋል። ቤት የሚያሸጥ ዕዳ የሚመጣው በዚህ መንገድ እንጂ ከቡድን በመውጣት አይደለም።

የጨዋታ ዘመኑንስ በተመለከተ? ለዓመታት በሠራው ደንብ አንድ ተጫዋች በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ዘመን ይጫወታል። አንዲት ኳስ እንኳ ቢወረውር ያ ዓመት ተቆጠረበት። የሚመለስለት በአብዛኛው በጉዳት ወይም በሕመም ነው፤ ለዚያውም ጉዳቱ በዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰ፣ የተሰለፈበትም ጨዋታ ከ30 በመቶ ያልበለጠ ሊሆን ይገባል። በዘመኑ ከሚደረጉት 56 ጨዋታዎች 30 በመቶው ወደ 17 ይጠጋል። መነሻ ወርዋሪ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚጀምረው፣ በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሚሰለፍ በመጋቢት ማብቂያ ሰባት ወይም ስምንት ጨዋታ ቢኖረው ነው፤ ስለዚህ ለልጃችሁ ይህ በር በጉዳት ከሆነ ክፍት ነው፣ በኩርፊያ ከሆነ ግን ዝግ ነው።

አሁን ልጁ የሚሄድባቸው ቢሮዎች ቅደም ተከተል አላቸው። በመጀመሪያ ኮምፕላያንስ የሚባለው የደንብ ክትትል ክፍል ሄዶ የስኮላርሺፕ ውሉን ቅጂ ይውሰድ፤ ለአንድ ሴሚስተር ነው፣ ለዓመት ነው ወይስ ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የሚለውን ያንብብ። ቀጥሎ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ገብቶ የቀረውን ያስላ። ዶርሙና የምግብ ካርዱ በስፖርት ክፍሉ በኩል የተከፈለ ከሆነ እዚያው ይጠይቅ። ከቡድኑ ሐኪም ዘንድ የመውጫ ምርመራ አድርጎ ወረቀቱን ይያዝ፤ ክርኑ ከሦስት ወር በኋላ ቢከዳው «ያኔ ጤነኛ ነበርክ» እንዳይሉት። የራስ ቁሩን፣ መለያውንና የቡድኑን ጓንት በፊርማ ይመልስ፤ ያልተመለሰ ዕቃ በተማሪው ሒሳብ ላይ ዕዳ ሆኖ ምዝገባውን ሊያግድበት ይችላል።

እርስዎ ከደሴ ደውለው ኮሌጁን ቢጠይቁ ግን አይነግሩዎትም። ሕጉ የተማሪን መዝገብ ያለ ፊርማው ለአጎት ማውጣትን ይከለክላል። ልጁ ፈቃድ ፈርሞ አብሮ በመስመር ላይ ይሁን። ኮሌጁ በዋሽንግተን ሰዓት የሚሠራ ከሆነ በዚህ ወቅት እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲከፈት እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በሩጫ ስኮላርሺፕ፣ በተማሪ ቪዛ ነው የሄደችው። «ሩጫው በቃኝ» ትላለች። ብትተው ይመልሷታል?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ቪዛዋ ኤፍ-1 ከሆነ የታሰረው በትምህርቷ እንጂ በእግሯ አይደለም። ሩጫ በመተዋ ብቻ ማንም አይመልሳትም። የሚያስመልሳት የሩጫ ብሩ ሲቀር «ክፍያው ከበደኝ» ብላ ሁለት ኮርስ ጥላ ከ12 ክሬዲት በታች ስትወርድ ነው። ኮርስ መቀነስ ካስፈለጋት አስቀድማ የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተለውን የኮሌጁን ባለሥልጣን ታስፈቅድ፤ ቀንሶ በኋላ ማስፈቀድ የለም።

አይ-20 የሚባለው ሰነዷ ላይ ትምህርቷን ማን እንደሚከፍል ተጽፏል። ስኮላርሺፑ ከተቋረጠ አዲስ የገንዘብ ምንጭ አሳይታ ታሳድሰው። ጉድለቱን በሥራ እሞላለሁ ካለች በትምህርት ወቅት የተፈቀደላት ግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ከሠራች ቪዛዋን አፈረሰች። ኮሌጅ ከቀየረች መዝገቧ ወደ አዲሱ ኮሌጅ ይዛወርላት፤ ትምህርቱም ከአምስት ወር ሳያልፍ መጀመር አለበት። ጨርሳ ካቋረጠች በባለሥልጣኑ ፈቃድ ከሆነ ከአገር መውጫ 15 ቀን ታገኛለች፤ ዝም ብላ ከጠፋች አንድም ቀን የላትም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ በግማሽ ዓመቱ መስኮት ተጫዋች ክለብ ይቀይራል። የአሜሪካው ኮሌጅ ተጫዋች በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ኮሌጅ ለምን አይሰለፍም?
የወልድያ ደጋፊ

መልስ፦ በአንድ የውድድር ዘመን ለሁለት ኮሌጅ መሰለፍ አይቻልም፤ ሚያዝያ ላይ የወጣ ልጅ ሌላ መለያ የሚለብሰው በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ነው። ዝውውሩ የሚያልፈው እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ፖርታል በሚሉት መዝገብ ነው። የዲቪዚዮን 1 ቤዝቦል መስኮት የሚከፈተው መደበኛው ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ ሲሆን የሚቆየው አንድ ወር ያህል ነው። ልጁ በጽሑፍ ሲጠይቅ ኮሌጁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባል፤ ከዚያ በፊት የሌላ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሊያነጋግረው አይፈቀድለትም። ከቡድን የወጣ ሁሉ ፖርታል ገብቷል ማለትም አይደለም። የገባ ደግሞ ተቀባይ ቢያጣ የቀድሞ ኮሌጁ ስኮላርሺፑን ከሴሚስተሩ ማብቂያ በኋላ የማስቀጠል ግዴታ የለበትም። መጀመሪያ የአዲሱን ኮሌጅ ስኮላርሺፕ በእጅ፣ ቀጥሎ ፖርታል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ደንቡ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የቀረው ቡድንስ ምን ይሆናል? ጨዋታው ዱላ ስላለው ከገናችን ጋር ይመሳሰላል ይባላል።
ከሐይቅ

መልስ፦ ዱላው እንጂ ጨዋታው አይመሳሰልም። በገና ሁሉም ሩሩን ያሳድዳል፤ ቤዝቦል ግን በአንድ ሰው ክንድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። የኮሌጅ ቡድን ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ጨዋታ፣ በሳምንቱ መሐል ደግሞ አንድ ያደርጋል። ለየቀኑ የተመደበ መነሻ ወርዋሪ አለው። የዓርቡ ሰው ከሄደ የቅዳሜው ወደ ዓርብ፣ የእሑዱ ወደ ቅዳሜ፣ የሥራ ቀኑ ልጅ ወደ እሑድ ይሸጋሸጋል፤ አዲሱ የእሑድ ልጅ ቶሎ ሲደክም ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከልክ በላይ ይሠራሉ፣ ክንዶችም መታመም ይጀምራሉ። የሄደው ልጅ ስኮላርሺፕ በዚያው ሴሚስተር ለሌላ ተጫዋች አይሰጥም።

ለደሴው አጎትም የምትጠቅም አንዲት ነገር እዚህ አለች። ኤንሲኤኤ የየቡድኑን የትምህርት ውጤት በነጥብ ይለካል፤ ስኮላርሺፕ ያለው እያንዳንዱ ተጫዋች በየሴሚስተሩ ለቡድኑ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፦ አንዱ ኮሌጁ ውስጥ በመቆየቱ፣ ሌላው በትምህርቱ ብቁ በመሆኑ። ከ1,000 ነጥብ 930 ያልሞላ ቡድን ይቀጣል። ልጁ ቡድኑን ትቶም ክፍል ገብቶ ፈተናውን ካለፈ ሁለቱም ነጥቦች አይጎድሉም። ስለዚህ የተቆጣው አሠልጣኝ ራሱ ልጁ እስከ መጨረሻው ፈተና እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ የስፖርት ክፍሉ አስጠኚዎች እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ እንዲረዱት ቢጠይቅም በጎ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።