ዩሪያ፣ ፍግ፣ ሰጋቱራ፦ ስለ ቅመማ ቅጠል ችግኞች ላነሣችሁት ጥያቄ

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ናናዬ ላይ ልነስንስ?

ይነስንሱ፣ አይጎዳም። የሚፈርሰው ግን በዝግታ ስለሆነ ለዘንድሮው ችግኝ አይደርስለትም።

በሶብላዬ ገና ሁለት ቅጠል እያለው አንድ ማንኪያ ዩሪያ በጥብጬ አጠጣሁት። ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆነ። ልድገመው?

ኧረ በሕግ! ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ያን ያህል በትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲገባ አፈሩ ጨዋማ ይሆንና ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ አፈሩ ረጥቦ ቅጠሉ የሚጠወልገው ለዚህ ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ደግሞ ስንቃቸውን ከዘሩ ይዘው ነው የሚወጡት፤ ማንም እንዲያጎርሳቸው አይፈልጉም። አሁን ከሥር እስኪፈስ ድረስ ንጹሕ ውሃ ያጠጡት፣ የተጠራቀመውን ይድፉ፣ አንዴ ይድገሙት። ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ። ከእነዚያ ሁለቱ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ፈሳሽ ማዳበሪያ በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ ይበቃዋል። አፈሩ ጥሩ ኮምፖስት ካለው እሱም ይቅር።

ሁሌ የምጨቀጭቃችሁም ይህንኑ ነው፤ ቅመማ ቅጠል የሚተከለው ለሽታው ነው። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይለሰልሳል፣ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ይወደዋል፤ በጣት ሲያሹት ግን መዓዛው ደከም ያለ ነው። ጦስኝና ሮዝመሪማ ጭራሽ ውሃ የማይዝ ስስ አፈር ላይ ነው የሚያምርባቸው።

አመድና ዩሪያ ቀላቅዬ ብሰጥስ?

አይቀላቅሉ። አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ የዩሪያው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተናል። አፍንጫዎ ይነግርዎታል።

ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር ደባለቅኩ፤ ችግኞቼ ቢጫ ሆኑ ያሉት ጠያቂ

ሰጋቱራውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን እየተሻሙባቸው ነው። ሰጋቱራ ከላይ ይልበስ እንጂ አይደባለቅ። ለአሁኑ በበሰለ ኮምፖስት ወደ ተዘጋጀ አፈር ያዛውሯቸው።

ትኩስ የዶሮ ፍግስ?

ሥሩን ያቃጥላል፤ እርስዎም ቅጠሉን በጥሬው የሚበሉት ከሆነ ጀርሙን አብረው ይበላሉ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ፣ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ በኋላ እስከ ለቀማ 120 ቀን ይጠብቁ ይላል። በደንብ ካልተብላላ አይንኩት።

መለያው የተላጠ ነጭ ዱቄት ማዳበሪያ መስሎኝ ድንብላሉ ላይ ነሰነስኩ፤ ቤተሰቡ ከቅጠሉ በልቷል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የፀረ ተባይ መርዝ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ቅጠል ማንም አይቅመስ። ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ፣ ዕቃውን ከነዱቄቱ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔን መልሶ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ለሁለት ዕቃ በሶብላ አፈር ላስመርምር ወይ?

ለሁለት ዕቃ? አፈሩን ይቀይሩት። ሰፊ መደብ ካለዎት የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።