ሙር ደ ዊን ከታች ጀምሮ በሙሉ ኃይል መውጣት ያዋጣል?

ሰላም ወንድሜ። በክረምት እረፍትህ ከብራስልስ መጥተህ በዊ ከተማ ያለውን ሙር ደ ዊ የተባለ ዳገት በብስክሌት ለመውጣት እንዳሰብክ ጽፈሃል፤ ከታች ጀምሮ በሙሉ ኃይል መያዝ ይሻላል ወይ ብለህም ጠይቀሃል። በፍጹም አይሻልም። እኔ ሊዬዥ አካባቢ ስለምኖር ዳገቱን ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ሰው የሚያልቅበትንም ቦታ አውቀዋለሁ።

ርዝመቱ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ አማካይ ዳገቱ 9.6 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ግን አትመነው። ከከተማው ስትነሳ መንገዱ ለዘብ ያለ ነው፤ እግርህም ገና ስላልደከመ ሳታስበው ትፈጥናለህ። ጸሎት ቤቶቹ ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ስትገባ ነገሩ ይለወጣል። በክላውዲ ክሪኪዮን ስም የተሰየመው ድርብ መታጠፊያ ላይ፣ በተለይ በውስጠኛው ጠርዝ፣ ዳገቱ ከ20 በመቶ ያልፋል። (ክሪኪዮን እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1989 ፍሌሽ ዋሎንን፣ በዚህ ዳገት ጫፍ የሚያበቃውን የብስክሌት ውድድር፣ ያሸነፈ የቤልጅየም ብስክሌተኛ ነው።) መኪና አለመኖሩን አይተህ የውጪውን ጠርዝ ያዝ፤ ትንሽ ቢረዝምም ይቀላል። ከመታጠፊያው በኋላም ዳገቱ ወዲያው አይለቅህም፤ የሚላላው ጫፉ አካባቢ ነው። ከታች የሮጠ ሰው እዚያ የሚደርሰው ባዶውን ነው።

ስፔናዊውን ብስክሌተኛ ቫልቬርዴን ጠቅሰሃል። እውነት ነው፣ በ2006 እና ከ2014 እስከ 2017 በተከታታይ፣ በድምሩ 5 ጊዜ ፍሌሽ ዋሎንን አሸንፏል። እሱ ግን የሌሎችን ጎማ ተከትሎ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ነበር ከፊት የሚወጣው። አንተ ብቻህን ስትወጣ የምትከተለው ጎማ የለህም። ስለዚህ የኔዘርላንዷን ብስክሌተኛ አና ቫን ደር ብሬገንን እይ። ከ2015 እስከ 2021 የሴቶቹን ውድድር ሰባት ጊዜ በተከታታይ ስታሸንፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ሆና የራሷን ፍጥነት ይዛ፣ ተከታዮቿን አንድ በአንድ እያንጠባጠበች ነው የወጣችው። በዚህ ዳገት ላይ ከእሷ የበለጠ የማደንቀው ሰው የለም። የቪዲዮ ቅጂዎቹን ፈልገህ ትከሻዋን ተመልከት፤ መታጠፊያው ላይ እንኳ ብዙም አይወዛወዝም።

ማርሽህ ከፊት 34፣ ከኋላ ቢያንስ 32 ጥርስ ይሁን። በተቻለህ መጠን ኮርቻው ላይ ተቀመጥ። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ከኮርቻው ተነስተህ ስትረግጥ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፤ ከተነሳህም ክብደትህን ወደ ኋላ አድርግ። ስትመለስ በዚያው መንገድ አትውረድ፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ሰፋ ያለ መንገድ ፈልግ። ፍሬንህንም ሳትነሳ በፊት አስፈትሽ።