ዋይለር አርባ ጊዜ የሚያስደግመው ምን ፍለጋ ነው?

እህቴ፣ «የሆሊውዱ ዳይሬክተር ዊልያም ዋይለር አንዱን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን ቁራጭ) አርባ ጊዜ ያስደግም የነበረው የሚፈልገውን ስለማያውቅ ነው ወይ? ፊልሞቹንስ ከየትኛው ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። አጫጭር ፊልሞች መሥራት ስጀምር እኔንም ያስጨነቀኝ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋይለር በ1902 እ.ኤ.አ. ሙሉዝ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የፈረንሳይ ናት፤ ያኔ ግን የጀርመን ነበረች። አሜሪካ የወሰደው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ አለቃ የነበረው የእናቱ ዘመድ ካርል ሌምሊ ነው። ከተላላኪነት ተነስቶ በ1925 አጫጭር የካውቦይ ፊልሞች ዳይሬክት ማድረግ ጀመረ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በ1938ቱ «ጄዘቤል» ፊልም ተዋናይቷ ቤቲ ዴቪስ ከፈረስ ወርዳ የቀሚሷን ጫፍ በአለንጋዋ ከፍ የምታደርግበት ሾት አለ። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ያችን ከአርባ ጊዜ በላይ አስደገማት። ተናድዳ «የተቀረጸውን አሳየኝ» አለች፤ ስታየው ግን ቴኮቹ፣ ማለትም ድግግሞሾቹ፣ አንድ እንዳልሆኑ ራሷ አመነች። በዚያ ፊልም ኦስካር ወሰደች።

«ቤን ኸር» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ደግሞ ዋናውን ተዋናይ ቻርልተን ሄስተንን የተሻለ መሥራት እንዳለበት ነገረው። ሄስተን ምን ላድርግ ቢለው፣ ባውቅማ እነግርህ ነበር ነው መልሱ። ስለዚህ ጥርጣሬሽ ግማሹ ልክ ነው፤ የሚፈልገውን በቃል ማስረዳት ያቅተዋል፣ ሲመጣ ግን አይስተውም።

እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት እናት ስልክ የምታነሳበትን ሲን (ትዕይንት) ሦስት ቴክ ወስጄ «በቃ ተሳክቷል» አልኩ። ኤዲት ላይ ስቀመጥ በሦስቱም ስልኩ ሳይጠራ እጇ ወደ ስልኩ ሄዷል! በሚቀጥለው ሥራዬ አንዱን ሲን አስራ አራት ጊዜ አስደገምኩ። ወደ አስራ አንደኛው ገደማ ተዋናዩ ደከመው፤ መተወኑን ረሳና ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የተጠቀምኩት ያንን ቴክ ነው። ዋይለር የሚጠብቀው ምን እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለመጀመሪያ የ1946ቱን «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» እይ። ዋይለር በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ ሆኖ ዶክመንተሪ ሲቀርጽ ቆይቶ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ነው የተመለሰው። ከተዋናዮቹ አንዱ ሃሮልድ ራስልም ሁለት እጆቹን በሠራዊት አገልግሎት ላይ ሳለ ያጣ እውነተኛ ወታደር ነበር። ዋይለር ከሦስት የዳይሬክተርነት ኦስካሮቹ አንዱን ያገኘው በዚህ ፊልም ነው።

የመጠጥ ቤቱን ሲን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ራስል በብረት እጆቹ ፒያኖ ሲጫወት ፊት ለፊታችን ነው። ከኋላ፣ በጣም ርቆ፣ በስልክ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው የሚወዳትን ልጅ እየተሰናበታት ነው። ካሜራው አይጠጋውም፤ የሚለውንም አንሰማም። ካሜራ ማኑ ግሬግ ቶላንድ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል አጥርቶ ስለያዘው የት ማየት እንዳለብሽ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፒያኖውን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ያገኘሁት ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው።