ጋሼን ጠይቁ፦ ለጅማው ፎቅ የትኛው አሳንሰር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ አባቴ በቡና ንግድ ባጠራቀማት ገንዘብ ጂ+4 ህንጻ ጀምረናል። መሠረቱ አልቋል፤ የአሳንሰሩ ግድግዳ ግን ገና አልተሞላም። ምድር ላይ ሱቅ፣ አንደኛና ሁለተኛው ቢሮ፣ ሦስተኛው ለክሊኒክ የሚከራይ፣ አራተኛው የራሳችን ቤት ነው። ፕላኑ ላይ ለአሳንሰሩ የተተወው ቦታ 1.60 በ1.70 ሜትር ነው። አንድ ሻጭ ሃይድሮሊክ በርካሽ ልስጣችሁ ይለናል። ወንድሜ ደግሞ ማሽን ሩም (የሞተር ክፍል) የሌለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። የመብራቱን ነገር መቼም ያውቁታል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ሻጩንም ወንድምህንም ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነው የሚሳፈርበት?» ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ ካለ አንድ ቀን በሽተኛ በቃሬዛ መውረዱ አይቀርም። ያንተ 1.60 በ1.70 የሚይዘው የስድስት ሰው፣ 450 ኪሎ የሚጭነውን ነው። ካቢኑ 1 ሜትር በ1.25 አካባቢ ስለሆነ ዊልቸር ይገባል፣ ገፊው ግን በደረጃ ይሮጣል። የስምንት ሰው የሚባለው፣ ባለ 630 ኪሎው፣ ካቢኑ 1.10 በ1.40 ነው፤ ሁለቱም አብረው ይገባሉ። ቃሬዛ ተዘርግቶ እንዲገባ ከፈለግክ ግን ካቢኑ ወደ ውስጥ 2.10 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህ ባለ 1000 ኪሎው፣ የ13 ሰው ነው።

እኔ ብሆን ክሊኒኩን ምድር አወርደውና ቦታውን ትንሽ አስፍቼ ባለ 630ውን እወስዳለሁ። አባትህ የሱቁ ኪራይ እንደሚያጓጓቸው ይገባኛል። እሺ ካላሉ ፌሮው ሳይታሰር ዛሬውኑ ኢንጂነሩን ጥራና ቦታውን ለባለ 1000ው አስፋው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚመጣ ጸጸት በድሪል ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሃይድሮሊክ ማለት ፓምፕ ዘይት እየገፋ በፒስተን ካቢኑን ወደ ላይ የሚያነሳ ነው። ክፉ ማሽን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቫልቩን ከፍቶ በቀስታ መውረድ ይችላል፣ ጣሪያው ላይም ሸክም አይጥልም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን የሚሆነው ክብደት ስለሌለው ሞተሩ ካቢኑንም ሰዉንም ብቻውን ይሸከማል፣ ስለዚህ ጄኔሬተርህም መተለቅ አለበት፣ ሰው ሲበዛበት ደግሞ ዘይቱ ይሞቅና እረፍት ይፈልጋል። ለሁለትና ለሦስት ፎቅ መኖሪያ ቤት ጥሩ ነው። ሱቅ፣ ቢሮና ክሊኒክ ለሚያመላልስ ህንጻ ግን አልመክርም።

በገመድ የሚሠራው የካቢኑን ክብደትና የጭነቱን ግማሽ ያህል የሚመዝን ብረት በሌላው ጫፍ ስለሚንጠለጠል ሞተሩ የሚለፋው ለልዩነቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ወንድምህ ልክ ነው፤ ማሽን ሩም የሌለውን ግዙ። ጊር ስለሌለው መብራት ይቆጥባል፣ ጣሪያ ላይም ክፍል አያሠራህም። ግን ከመጨረሻው ፎቅ ወለል እስከ አሳንሰሩ መውጫ ጣሪያ ከ3.60 እስከ 4 ሜትር ይፈልጋል፣ ከምድር ወለል በታች ደግሞ 1.40 ሜትር ገደማ ጉድጓድ። ልኩ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ ማሽኑን ሳትመርጥ ግድግዳ አትሙላ።

ጅማ ላይ ከሁሉ በላይ የምፈራው ያቺን የታችኛዋን ጉድጓድ ነው። ዝናቡን ታውቀዋለህ፣ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላም አይተሃል። ውሃ የገባበት ጉድጓድ ስፕሪንጉን ያዝጋል፣ ኬብሉን ያበላሻል፣ መካኒኩንም ኤሌክትሪክ ሊያስይዘው ይችላል። ውሃ የማያስገባ ልባስ ከውጭም ከውስጥም አስደርግ፤ ፎርማኑ «ሲሚንቶውን አብዝቼዋለሁ» ቢልህ አትስማው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሲጠፋ በባትሪ ወደ ቅርብ ፎቅ ወስዶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ አብሮ ይምጣ። ትርፍ ዕቃ ነው ብለው እንዳይቀንሱብህ። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሄ ሳይኖረው ቆሞብኝ ከአንድ ሙሽራና ከሦስት ሚዜ ጋር አርባ ደቂቃ በላብ ተጠምቄያለሁ። ስታቢላይዘርም ግዛ። የሚወጣ የሚወርድ ቮልቴጅ መጀመሪያ የሚያቃጥለው የአሳንሰሩን መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው።

ስለ ማርካው ብዙም አትጨነቅ። ሻጩን «ሲበላሽ ማን ይመጣል? በስንት ሰዓት? መለዋወጫው የት አለ?» በለው፤ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መካኒኩ መንገድ ላይ እያለ አራተኛ ፎቅ የሚወጡት አባትህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም ከጅማ ነኝ። እናቴ «ገመዱ ቢበጠስስ?» እያለች አሳንሰር አትገባም። ምን ልበላት?

መልስ፦ ገመዱ አንድ አይደለም በያት። ብዙ ነው፣ አንዱ እንኳ ቢበጠስ ቀሪዎቹ ይሸከማሉ። ካቢኑ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ደግሞ ከሥሩ ያለው ፍሬን ሐዲዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ራሱ አሳንሰሩ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጧል፤ ፍሬኑ ይዞለት ሳይወድቅ ቀረ። አሳንሰሩ ቢቆምባት በሩን በእጇ ለመክፈት አትሞክር። ደወሉን ተጭና ትጠብቅ፣ አየር እንደሆነ አያልቅም።